ቡናማ ያልሆነው ብልቃጥ

ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት ረፋድ ላይ፣ ላቦራቶሪ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ፕሮቲን ሲያጠኑ ሚስትም ልጅም ሳይኖራቸው አረጁ፤ ሲሞቱም ከእጃቸው ያልወጣው የመስታወት ማንጠባጠቢያ ነበር። መርማሪዋ ክፍሉን ቃኘች። አንድ ወንበር፣ አንድ ካፖርት፣ አንድ የታጠበ ስኒ። የእሷም ቤት ከዚህ አይሻልም።

የገደላቸው ሳያናይድ የሚባለው መርዝ መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጧል። የሁሉም ጣት የተቀሰረው ወደ ረዳታቸው ነው፤ የጠዋት ሻያቸውን የምታፈላው እሷ ናትና። ፖሊሶች በር ላይ ካቴና ይዘው ይጠብቋታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት መርማሪዋ፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ሮዝ ብልቃጥ እያሳየች።

«ሳይቶክሮም ሲ ነው፣ የሰው ፕሮቲን። ሴላችን ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያመላልስ ተላላኪ ይበሉት። ሆዱ ውስጥ ሂም የሚሉት ነገር አለ፤ የሂሙ እምብርት ብረት ነው። ኤሌክትሮን ሲሸከም ሮዝ ይሆናል፣ ሲያስረክብ ቡናማ። ተረካቢውን ኢንዛይም እዚሁ ስለጨመርንበት እስካሁን ቡናማ መሆን . . .» ረዳቷ ወደ ብልቃጡ ጎንበስ አለች።

«ለምን አልሆነም?»

«ተረካቢው ታንቆ ነዋ። ሳያናይድ የሚያንቀው እሱን ነው።»

አጠገባቸው የቆሙት የፕሮፌሰሩ ምክትል ጨዋታ አዋቂ ናቸው። «ሽማግሌው ከሰው ይልቅ ከብልቃጥ ጋር ነበር ወሬያቸው» አሏት መርማሪዋን።

«እስቲ ያንን ሮዝ ደብተር ያቀብሉኝ» አለቻቸው።

መደርደሪያው ላይ ሁለት ደብተሮች፣ አንድ ሮዝ አንድ ቡናማ፣ ጎን ለጎን ቆመዋል። ምክትሉ ትንሽ አመነቱና ቡናማውን አነሱላት። አመስግና ተቀበለች።

ከሰዓት በኋላ ረዳቷን፣ ምክትሉንና የሟቹን ታናሽ ወንድም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሻዩ ውስጥ የገባው መርዝ የወጣው ከተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። ቁልፉ ያለው በእናንተ በሁለታችሁ እጅ ብቻ ስለሆነ ወንድማቸው ነጻ ናቸው። ፕሮፌሰሩ ሻዩን እንደተጎነጩ ነገሩ ገባቸው፤ ከስኒው ቀድተው ብልቃጡ ውስጥ አንጠባጠቡ። ገዳዩ የልብ ሕመም እንዲመስልለት ገብቶ ስኒውን አጠበ፣ ብልቃጡን ግን ተወው። ረዳቷ ብትሆን ሮዝነቱን አይታ በደፋችው። የተወው ሮዝና ቡናማ የማይለይ ሰው ነው።» ደብተሩን አነሳች። «ሮዙን ጠይቄዎት ይህን ሰጡኝ።»

ምክትሉ ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ የለም።

«ሮዙ ደብተር ላይ ፕሮፌሰሩ ጽፈውታል። እርስዎ ቀለም ሳይለዩ በዓይኔ አየሁ ብለው ያሳተሙት የቀለም ውጤት ሁሉ ፈጠራ ነው፣ ሰኞ ለበላይ አመለክታለሁ ይላል።»

«በዚህ ዕድሜዬ የት ልግባ?» አሉ ምክትሉ።

እሳቸው በካቴና ከተወሰዱ በኋላ ወንድምየው «ወንድሜ ለምን አልተጣራም?» አለ። «ረዳቱ እኮ ከግድግዳው ወዲያ ነበረች።»

«የቀራቸው ጊዜ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የበቃው» አለች መርማሪዋ። «ሻዩን ያፈላው ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሞታቸው በማን እንደሚላከክም ያውቃሉ። ያቺን ደቂቃ ለእሷ አዋሏት።»

ረዳቷ ብልቃጡን ትክ ብላ አየችው።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደርሽ ብለውኝ አያውቁም» አለችና ፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።