ከእማዬ በስተግራ የተቀመጠችው

ይሄን የማወራችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ በራሴ የደረሰ ነው።

ያላመነኝ አያምን... እኔ ሰው ማሳመን ትቻለሁ። የገዛ ወንድሜን ማሳመን ያቃተኝ ሴት እናንተን ላሳምን?

ደግሞ ውድቅት ሌሊት፣ ጨለማ፣ መቃብር ምናምን እንዳትጠብቁ። ከቀኑ አስር ሰዓት ነበር። ኒዝዋ ከተማ፣ ወንድሜ ቤት፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ። ማቀዝቀዣው ያጓራል። እማዬ አጠገቤ ታንቀላፋለች።

እኔ የጉዞውን ፎቶ ለቤተሰቡ እየላክሁ ነበር።

ከሰላላ፣ ከደቡብ ጠረፏ ከተማ፣ ገና መመለሳችን ነው። ሰላላ ዝናብ ሲገባ አገር ምድሩ መኪናውን እያስነሳ ወደዚያ ይጎርፋል፤ እኛም ጎረፍን። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል... አደም የምትባለውን ከተማ ካለፍክ በኋላ አሸዋና ሰማይ ብቻ ነው። አንድ ግራር ስታይ "ማሻአላህ" ትላለህ።

የሄድነው አምስት ሰዎች ነን። ወንድሜ ኸልፋን፣ ሚስቱ ጋሊያ፣ ልጃቸው ሙዝና፣ እማዬ፣ እና እኔ ዙወይና።

የሄድነውም ለእማዬ ስንል ነው። እማዬ ሰው እየረሳች ነው። መጀመሪያ ጎረቤቱን ረሳች። ከዚያ ሙዝናን። ከዚያ ጋሊያን። ረመዳን ላይ ኸልፋንን "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አለችው። ያ ጺማም ሰውዬ መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧውን ከፍቶ አለቀሰ።

የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጠዋት ስገባ "ዙወይና፣ ነጋ እንዴ?" ትለኛለች። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ የምኖረው በወንድሜ ቤት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ስሜን በፍቅር የሚጠራልኝ የእሷ አፍ ብቻ ነው። እኔንም ብትረሳኝ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ይሄን ብቻ ነበር የምፈራው።

ሐኪሙ "አየር ትቀይር፤ ፎቶ እያነሳችሁ ደጋግማችሁ አሳዩዋት" አሉን።

ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። ሁሌም እኔ ነኝ። የቤተሰባችንን ፎቶ ብታገላብጡ ሰው ሁሉ አለ፣ እኔ የለሁም። "ዙዙ፣ አንሺን!" ይሉኛል፣ አነሳቸዋለሁ። "አንቺስ?" ያለኝ ሰው የለም።

እኛ ቤት ደግሞ ደንብ አለ። ፎቶ የምንላላክበት የቤተሰቡ ግሩፕ ውስጥ የአጎት ልጅ አለ፣ የአማች ወንድም አለ፤ ስለዚህ ፎቶ ከመላኩ በፊት የሴቶቹ ፊት ላይ አበባ ይለጠፋል። ያቺ ስልክ ላይ ያለችው ቀይ አበባ። እማዬ አሮጊት ስለሆነች አንሸፍናትም። ሌሎቹን ሸፍኜ ዋናውን ፎቶ ድራሹን አጠፋዋለሁ።

ከልምዴ የተነሳ ማየቱንም ትቻለሁ። ጣቴ ብቻውን ነው የሚሠራው። ጥቁር ልብስ፣ ፊት፣ አበባ... ጥቁር ልብስ፣ ፊት፣ አበባ... ላክ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ኸልፋን ነው፣ ከሥራ ቦታው ሆኖ።

"ዙዙ! በስንት ዘመንሽ ፎቶ ውስጥ ገባሽ! ከእማዬ ጋር ስታምሩ!"

"እኔ አይደለሁም፣ እኔ እኮ እያነሳሁ ነበር" ብዬ ጻፍኩለት።

"ታዲያ ማን ናት? የባህላ ጂኒ?" አለኝና ሳቁን ደረደረው፤ ባህላ እዚህ አጠገባችን ያለች፣ በጂኒ የታወቀች ከተማ ናት።

ፎቶውን ከፈትኩት።

ሃይማ ከተማ ሳንደርስ መኪናውን ከመንገድ አውጥተን ምሳ የበላንበት ቦታ ነው። አሸዋው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሩዙ በትሪ ቀርቧል። ኸልፋን እጁን ሰዷል። ጋሊያ... አበባ። ሙዝና... አበባ። እማዬ መሃል።

ከእማዬ በስተግራ... አበባ።

ክው አልኩ።

ጥቁር የለበሰች ሴት ናት። እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። የእማዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛለች።

እዚያ ቦታ ላይ ማንም አልነበረም! አንስቼ ስጨርስ እኔ ልቀመጥበት የተተወ ቦታ ነው።

ቀጣዩን ከፈትኩ። ነዳጅ ማደያው ጋ... አለች።

ግመሎቹ ጋ... አለች።

መኪናው ውስጥ፣ እኔ ወርጄ በመስኮት ያነሳሁት... አለች። እኔ በለቀቅኩት ወንበር ላይ። አሁንም የእማዬን እጅ ይዛለች።

ወደ ምሳው ፎቶ ተመለስኩ። ምንጣፉ ዳር ጫማ ወልቋል። የኸልፋን፣ የጋሊያ፣ የሙዝና፣ የእማዬ። እኔ የእኔን አላወለቅኩም ነበር። የእሷ ጫማ የለም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አበባውን ማን ለጠፈላት?

እኔ ነኛ!

ፊቷን አይቼዋለሁ ማለት ነው። አይቼው፣ በጣቴ ሸፍኜው፣ ዋናውን አጥፍቼዋለሁ። ምን ትመስል ነበር? ጭንቅላቴን ብይዝ፣ ብጨምቅ... ምንም።

"ጋሊያ... ጋሊያ፣ ነይ እስቲ።"

ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች መጣች። "ቀስ በይ፣ እማዬን ትቀሰቅሻታለሽ።"

"ይቺ ማን ናት?" አልኳት በሹክሹክታ።

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ እያነሳሁ ነበር እኮ!"

"አይ ዙወይና፣ ሙቀቱ ናላሽን አዙሮታል። እማዬን ተምር ስታጎርሺያት አልነበር? ፍሬውን እያወጣሽ። እኔ ራሴ 'ዛሬስ ጨዋታ አወቀች' ብዬ ገርሞኝ ነበር።" ሳቀችና ትከሻዬን መታ አደረገችኝ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ከጉዞው ወዲህ ተመችተሽኛል። ትናንት ወጥ ቤት በሳቅ ልትገድዪኝ ነበር።"

ትናንት ወጥ ቤት አልገባሁም። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ የመንገድ ልብስ ሳጥብና ሳሰጣ ነው የዋልኩት።

"ታዲያ ፎቶውን ማን አነሳው?" አልኳት።

"እንጃ... አንዷ ናታ።" ወደ ድስቷ ተመለሰች።

አንዷ! ይህን ሁሉ ዓመት ሳነሳቸው ኖሬ 'አንዷ' ሆንኩ። ከፍርሃቱ ይልቅ እሱ አንጀቴን አሳረረው።

እማዬ ነቃች።

ጎንበስ አልኩላት። ስሜን እስክትጠራው ጠበቅኩ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ልጄን ጥሪልኝ።"

"ልጅሽ እኔ ነኝ። ዙወይና።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ክፋት የላትም፤ በደንብ ልታስታውሰኝ ነበር የምትታገለው።

"አንቺማ... ያቺ ማዶ ቆማ የምታየን አይደለሽም እንዴ?" አለችኝ። "ልጄ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው።"

እንባዬን እንዳታይብኝ ሻሿን ላስተካክል እጄን ሰደድኩ... ፀጉሯ ተጎንጉኗል። በዘይት ርሷል። ጠዋት ሻሹን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፣ እንዳልተጎነጎነ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም።

"ማን ጎነጎነሽ፣ እማዬ?"

በአገጯ ከኋላዬ አመለከተችኝ።

"እሷ።"

ቀስ ብዬ ዞርኩ...

ግድግዳና መጋረጃ። ሌላ ምንም የለም።

በማግስቱ ከአስር ሰዓቱ ሰላት በኋላ ስልኬን ይዤ ገበያው አጠገብ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፊቷን ካገኘሁት ለኸልፋን አሳየዋለሁ፣ "ይቺ እኔ ነኝ?" እለዋለሁ ብዬ ነው። ሰውዬው ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ብዙ ደከመ።

"አይመለስም። አጥፍተውታል" አለኝ በመጨረሻ። ከዚያ ፎቶውን እያየ "እርስዎ የትኛዋ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እኔ የለሁበትም።"

"ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?" አለኝ።

ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ፀሐይ እየገባች፣ የመግሪብ አዛን እያለ ነው። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በዚያ ሰዓት ተቀርቅሮ አያውቅም።

አንኳኳሁ።

"ማነው?" የኸልፋን ድምፅ ነው።

"እኔ ነኝ።"

"እኔ ማን?"

"ዙወይና ነኛ! ክፈት እንጂ፣ ቀልድህን ለሌላ ጊዜ አድርገው።"

ወደ ውስጥ ሲጣራ ሰማሁት። "ጋሊያ! ዙዙ የት ናት?"

"እማዬን እራት እያበላች ነው!"

በሩን ይዤ ቆምኩ።

ኸልፋን በሩን ገርበብ አድርጎ አየኝ። አየኝና... ዓይኑን ሰበረ። ወንድ የማያውቃት ሴት ፊት እንደሚያደርገው።

"ኸልፋን... እኔ ነኝ" አልኩት በሹክሹክታ።

"ይቅርታ፣ ቤት ተሳስተው ይሆናል" አለኝ በትህትና። "አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ።"

ገብቶ ተመለሰ። በሳህን ሩዝና ቁራጭ ሥጋ፣ ከላዩ በቂጣ ሸፍኖ፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ይቅመሱ። ያሰቡበት አላህ ያድርስዎት።"

በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ተወረወረ።

ስልኩ ላይ ደወልኩለት። ግቢ ውስጥ ሲጮህ ይሰማኛል። "ውይ ዙዙ፣ ጓዳ ተቀምጠሽ ምን ያስደውልሻል?" ሲል ሰማሁ። ከውስጥ አንዲት ሴት ሳቀች።

ሳቁ የኔ ነው።

ሳህኑን መሬት አስቀምጬ በግቢው ዙሪያ ሮጥኩ። የእማዬ መስኮት ወደ ጠባቧ መተላለፊያ ነው የሚያየው። መብራት በርቷል። መጋረጃው ገና አልተዘጋም።

እማዬ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አልጋው ጫፍ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ታጎርሳታለች። የለበሰችው የኔን የቤት ልብስ ነው። ቀስ ብላ፣ አፏን እየጠረገችላት... እኔ ከማደርገው በላይ በጥንቃቄ።

የመስኮቱን ብረት ያዝኩ። ድምፅ አላሰማሁም።

እማዬ ቀና አለች።

በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ማኘኳን አቆመች። ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር በራ... ከስንት ጊዜ በኋላ።

"ዙወይና?" አለች። "ምነው ልጄ፣ ምን ውጭ ያስቆምሻል? ነይ ግቢ እንጂ፣ ይመሻል።"

"እማዬ! አዎ፣ እኔ ነኝ! እማዬ!" እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አወቀችኝ! ያ አሮጌ አፏ ስሜን ጠራው!

"ኸልፋን!" ብላ ጮኸች። "አንተ ኸልፋን! እህትህ ውጭ ናት፣ ክፈትላት!"

ኸልፋን እየሮጠ ገባ። እግሯ ሥር ተደፋ። እጇን እያገላበጠ ሳመው።

"ስሜን ጠራሽው? እማዬ፣ ስሜን ጠራሽው? ጋሊያ! ሙዝና! ኑ፣ ስሜን ጠራችው!" እያለቀሰ ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "ዙዙ፣ ሰማሽ? አላህ ይስጥሽ እህቴ፣ አንቺ ነሽ ያዳንሻት።"

"እሷ አይደለችም" አለች እማዬ። "እህትህ ያቻትና፣ መስኮቱ ጋ። ክፈትላት።"

ኸልፋን ወደ መስኮቱ ቀና እንኳ አላለም።

"እሺ እማዬ፣ እሺ" አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሴትዮዋ "አይዞሽ፣ ሌላው ደግሞ ቀስ በቀስ ይመለስላታል" አላት።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

ሳትነሳ... ፊቷንም ሳታዞር... እጇን ወደ ኋላዋ ዘረጋች። መስኮቱ ከአልጋው ሩቅ ነው። እጇ ግን ደረሰ። የመጋረጃውን ጫፍ ያዘ።

ቀስ እያለ ዘጋው።

ከመጋረጃው ጀርባ እማዬ ትጣራለች።

"ዙወይና... ልጄ ውጭ ናት እኮ... ዙወይና..."

"እሺ እማዬ" ይሏታል ሁሉም በአንድ ድምፅ። "እሺ።"