በሟቹ ጠረጴዛ ላይ የመነመነው ተክል

የሐይቁ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ ጉበቱን መርምሮ «የአልጌ መርዝ ነው» አለ፤ ሐይቁን አረንጓዴ ከሚያለብሰው ዝልግልግ ነገር የሚወጣው መርዝ። ፖሊሶቹም ብዙ አልደከሙም። በዋዜማው ማታ ከሩቅ መጥቶ በውርስ ቤት ጉዳይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ የተሰማውን የሟቹን ታናሽ ወንድም በካቴና አሰሩት።

«ገዳዩ በእጃችን ነው» አለ ሳጅኑ።

ጉዳዩን እንድታጣራ የተላከችው መርማሪ ከላይ እስከ ታች አየችው። ሰው ስላሰረ ብቻ እውነቱን የያዘ የሚመስለው ፖሊስ ያንገሸግሻታል።

«እኔ ጋሼን እገድላለሁ?» አለ ወንድምየው እያለቀሰ። «ያሳደገኝን?»

ምክትል ኃላፊው ክራባቱን አስተካከለ። «መርዙን ከላቦራቶሪያችን ሰርቆ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ወጠጤ ምን ይጠበቃል?»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው አፈ ሰፊ ጠርሙስ ጎንበስ አለች። ውስጡ ያለው የውኃ ተክል ቅጠሉ ገርጥቷል፤ ሥሩም አጥሮ ጠቁሯል።

«ባለቤቴ ከሚጠጣው ውኃ የተረፈችውን እዚያ ላይ ነበር የሚያፈሳት» አለች የሟቹ ሚስት። «ከዚሁ ቆርጦ ቤትም አስቀምጦልኛል። የቧንቧ ውኃ ነው የማደርግለት፤ ለምልሟል።»

«የሚጠጣውን ማን ይቀዳለት ነበር?»

«ምክትሉ። ጠዋት ጠዋት ጆጉን ሞልተው ያስቀምጡለታል።»

መርማሪዋ ወደ ምክትሉ ዞረች። «የአልጌ መርዝ ይህን ተክል ይጎዳል?»

«በፍጹም! በጥናቴ አረጋግጫለሁ። ስሜ የተጠራውም በዚያ ነው።»

«ባለቤቴ ግን ጥናቱ ስህተት ነው፣ ይፋ አወጣዋለሁ ይል ነበር» አለች ሚስትየው።

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበች። ሚስትየው ከቤት ያመጣችውን ለምለም ተክል ከመነመነው አጠገብ አኖረችው።

«ሁለቱ ከአንድ ግንድ የተቆረጡ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «የተለያየው ውኃቸው ነው። ሥር ደግሞ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይሆንም፤ መርዙ ለሳምንታት በጆጉ ሲገባ ነበር። ይህ ልጅ የመጣው ትናንት ማታ ነው። ሌላ ገዳይ ቢሆን ጠርሙሱን አጥቦ ያስቀምጠው ነበር። ጠርሙሱን ያልነካው ግን ተክሉ አይጎዳም ብሎ ራሱን ያሳመነ ሰው ነው።»

«ግምት ነው!» አለ ምክትሉ።

«እሺ፤ እሱን እንተወው። ጥናትዎ ግን የማይረባ መሆኑን ይህ ተክል መስክሯል። ተማሪ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም።»

የምክትሉ ፊት ደም መሰለ። ስለ ሟቹ ሲወራ እንዲህ አልሆነም ነበር።

«ጥናቴ አልተሳሳተም!» ብሎ ጮኸ። «በጥናቱ የተጠቀምኩት መጠን ትንሽ ነበር! ጆጉ ውስጥ የጨመርኩት የዚያን ብዙ እጥፍ ነው!»

ሳጅኑ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«የልጁን እጅ ፍታ እንጂ፣ ምን ታያለህ?» አለችው መርማሪዋ።

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወጥቶ ምክትሉ እጅ ላይ ገባ። ሚስትየው ልጁን አቅፋ አለቀሰች። ምክትሉ በሩ ላይ ቆም ብሎ ዞረ።

«ተክሉን የጎዳው መጠኑ እንጂ የጥናቴ ስህተት አለመሆኑን ግን መዝግቡልኝ» አለ።