የደምሴ ስም ሲጠራ አቤት ያለው ሰው

ስለ መንፈስና ስለ ሙታን ድምፅ ወሬ ሲነሳ ሂሳቤን ከፍዬ ከሻይ ቤት የምወጣ ሰው ነኝ። ሮቤ ውስጥ ሂሳብ አስተምራለሁ፣ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለውን ሲያወሩ ከያዝኳቸው ሰሌዳው ፊት አቁሜ ነው የምሳለቅባቸው፣ ስለዚህ ይህን የማወራህ እንድታምነኝ እየለመንኩህ እንዳይመስልህ፣ ካላመንክ ተወው፣ እኔ ግን እዚያ ነበርኩ።

ነገሩን ያመጣችው እናቴ ናት። ከታመመች ቆይታለች፣ ሐኪሞቹ ፊት ለፊት ባይነግሯትም እንደማትድን ታውቀዋለች፣ የምትፈልገውም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሷ ሳትሞት ለአባቷ ፍትሐት እንዲደረግለት። አያቴ ደምሴ አየለ አጋርፋ አጠገብ ገበሬ ነበር፣ በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ዘመተ ተባለ፣ በዚያው ቀረ፣ እሷ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ መርዶ የሚባል ነገር ቤታቸው መጥቶ አያውቅም። የንስሐ አባቷን ስንለምናቸው ደግሞ "በሕይወት ካለስ? መሞቱን በእርግጥ ሳላውቅ ሰው አልፈታም፣ ወረቀት አምጣ" አሉኝ። ተናደድኩ፣ ግን የታመመች እናት እያለችህ ከቄስ ጋር አትጣላም፣ ወረቀት ፍለጋ ጎባ መመላለስ ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን ፈቃድ አገኘሁና ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ላኩኝ፣ የድሮ መዝገብ የሚከማችበት የቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ ጠባቂው ኦቦ ሁሴን የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰላምታዬን አልመለሱም።

"ማል በርባዳ?" አሉኝ፣ ምን ፈለግህ ማለታቸው ነው።

"የአጋርፋን ዘማቾች መዝገብ አባባ፣ ፈቃዱ ይኸው።"

ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩት፣ ስህተት ሲያጡበት ፊታቸው ይብስ ጠቆረ። ከኋላ መደርደሪያ አንድ የተቦጫጨቀ ትልቅ መዝገብ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉልኝ።

"በዓይንህ አንብብ። ስም እንዳትጠራ።"

"ለምን?"

"ስም መጥሪያ ስለሆነ ነዋ" አሉ፣ እኔ ደንቆሮ የሆንኩ ይመስል፣ ከዚያ የአሱር ሶላት ሊሰግዱ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።

ቀን ነው፣ ልብ በል፣ ገና አስር ሰዓት አካባቢ። ግን የጎባን ጭጋግ ታውቀዋለህ፣ ከሳነቴ ተራራ ሲወርድ ከተማውን በሩብ ሰዓት ነው የሚውጠው፣ መብራትም ሄደ፣ የስልኬን ባትሪ አብርቼ መዝገቡ ላይ አጎነበስኩ። ጽሕፈቱ አስቀያሚ ነው፣ የጻፈው ሰው የተጣደፈ ይመስላል፣ እና አስተማሪ ስትሆን ክፉ ልማድ ይጠናወትሃል፣ ዝርዝር ካየሁ ጣቴን አስደግፌ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ደግሞ አቤት እስኪባል ትንሽ ዝም እላለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ እልህም ነበረበት፣ ሽማግሌው ስላመናጨቁኝ።

"ከበደ ጉርሜሳ" አልኩ። ቆርቆሮው ጠቅ አለ፣ ብርድ ነው አልኩ። "ሐሰን አደም።" ከመደርደሪያዎቹ ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላ ሠራተኛ አለ ማለት ነው ብዬ ቀጠልኩ፣ በየስሙ መሐል እግር መሬት ላይ ሲጎተት ይሰማኛል፣ ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ወደፊት ሲጠጋ የሚያሰማው ድምፅ፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና አንድ እርምጃ። ከዚያ የምፈልገው ስም ላይ ደረስኩ።

"ደምሴ አየለ።"

"አቤት።"

እመነኝ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ የወጣት፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው አማርኛ ሲናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ ሰው እየቀለደብኝ መሰለኝ።

"ማነህ አንተ?"

"ደምሴ ብለህ ጠራህ፣ አቤት አልኩ። ደምሴ ግን አልመጣም። የመጣሁት እኔ ነኝ።"

"ውጣና ፊትህን ላየው።"

"የኔን ስም ጥራ፣ እወጣለሁ።"

"ስምህን በምን አውቄ?"

ሳቀ፣ እንዲህ ያለ ጥላቻ ያለበት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም፣ "በቤታችሁ አንድም የሚያውቅ የለም?" አለ፣ ድምፁም ቅድም ከነበረበት ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ ካለው መደርደሪያ ነበር የመጣው። ባትሪውን አዞርኩ። በካርቶኖቹ መሐል ኮት አየሁ፣ ግራጫ፣ ያጠረ፣ ከእጅጌው አንድ ስንዝር ያህል የወጣ የእጅ አንጓ፣ እና ካርቶን የያዘ እጅ። ፊቱን አላየሁም፣ ካርቶኑ መንሸራተት ሲጀምር ለማየትም አልቆየሁም።

ደጅ ላይ ከኦቦ ሁሴን ጋር ተላተምን። ትንፋሼ ተቆራርጦ ውስጥ ሰው አለ ስላቸው አልደነገጡም፣ "ከዚህ በር ሌላ በር የለውም" አሉ፣ ገብተው መዝገቡን ራሳቸው አወጡልኝ።

"ማንን ጠራህ?"

"አያቴን።"

"አያትህ ነው የመለሰው?"

መዝገቡን ተቀብዬ በረንዳ ላይ አነበብኩት፦ ደምሴ አየለ፣ ቁመቱ ረጅም፣ ልዩ ምልክት በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ በግዳጅ ላይ የሞተ። ቄሱ የፈለጉት ይኸው ነው። ማኅተም ያለበት ግልባጭ ሳልይዝ ከጎባ አልወጣሁም።

ማታ ለእናቴ አነበብኩላት። ታለቅሳለች፣ ትመርቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ጠባሳው ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አባቴ አጭር ነበር" አለች። "ጠባሳም አልነበረውም።"

"ታዲያ ይሄ ማነው?"

"የጎሮው ነው።"

እየተቆራረጠ ነው የነገረችኝ። ቀበሌው የዘማች ኮታ ተጥሎበት ነበር፣ የደምሴ ተራ ደረሰ፣ ቤታቸው ደግሞ ለአጨዳ ከጎሮ በኩል የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። የሰው ቁጥር ከሞላ ጠያቂ አልነበረም፣ የአባቷን ኮት አልብሰው፣ ስምህ ደምሴ ነው ብለው አስመዘገቡት።

"ኮቱ አጥሮበት ነበር" አለች፣ እኔ ያየሁትን ገና ሳልነግራት።

"እሺ አለ?"

"ማን ጠየቀው?"

"አባትሽስ?"

"በስሙ የዘመተ ሰው እያለ ደጅ እንዴት ይታያል? በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ወደ አርሲ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ዘምቷል በይ አሉኝ፣ እኔም ዘምቷል እያልኩ ኖርኩ፣ ኋላ ራሴም አመንኩት።"

ጮህኩባት፣ አልደብቅህም፣ የታመመች እናቴ ላይ ጮህኩ፣ ስሙ ማን ነበር እያልኩ። "የጎሮው ነበር የምንለው" ትለኛለች፣ ደግሜ ስጠይቃት ያንኑ ትመልሳለች። ግልባጩን ለቄሱ ልውሰደው ስላት "በእሱ ሞት አባቴን አላስፈታም" አለች። ለእሱ እናስፈታ ብል ደግሞ በማን ስም? ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም እንኳ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

በገበያ ቀን ጎሮ ወረድኩ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ለአጨዳ አጋርፋ እኛ ቤት መጥቶ የቀረ ረጅም ልጅ፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ እያልኩ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኩ። አንደኛው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና "ስሙ ማን ይባላል?" አሉ። አላውቅም አልኩ። "ቤታችሁ ሲሠራ ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሩት?" አሉኝ። አፈርኩ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ።

እናቴ አሁን ምግብ አትቀበልም። ትናንት አመሻሽ ላይ ከአልጋዋ መጋረጃ ወዲህ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ድምፅዋን ሰማሁ፣ በኦሮምኛ፣ በትዕግሥት፣ ለእንግዳ እንደሚነገር። "ስምህን አላውቀውም፣ ልጅ ነበርኩ" አለች። ሌላ ሰው እያወራት ይመስል ለአፍታ ዝም አለች፣ ከዚያ "የልጄንማ አውቃለሁ" አለችና ስሜን ነገረችው።