የእንግዶች በር ባልዲ

አሰልጣኝ ሮስቪታ ባልዲውን አንስተው የመልበሻ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ገለበጡት። ካርዶቹ እየተንሸራተቱ ግማሾቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። የሴቶቹ ታዳጊ የእግር ኳስ ቡድን በሙሉ፣ አንዷ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላዋ ካልሲዋን በእጇ ይዛ፣ ያያል። ሮስቪታ ከክለቡ ቢሮ የተዋሱትን የካርድ ማንበቢያ አንዱ ካርድ ላይ አስጠጉት። ማንበቢያው ጢጥ አለና «ያልታወቀ ካርድ» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛውም ያው ነው። ሦስተኛውም ያው።

«አንድ ሁለቱ ቢሆን እስቅ ነበር» አሉ ሮስቪታ። «ቅዳሜ ይሄን ባልዲ ይዞ የነበረው ማን ነው?»

በሃምስቤክ ስታዲየም ጥሬ ገንዘብ ከቀረ ወዲህ ቢራም ሆነ ቋሊማ የሚገዛው በክለቡ ካርድ ብቻ ነው። የከተማው ደጋፊ አይቸገርም፤ ዛሬ የተረፈውን በሚቀጥለው ጨዋታ ይበላበታል። እንግዳው ደጋፊ ግን ለአንድ ከሰዓት ብሎ ካርድ ይሞላና ሁለት ሦስት ዩሮ ይተርፈዋል። ያችን ለማስመለስ ደግሞ ረጅም ሰልፍ አለ፣ አውቶቡሱም ውጭ ጡሩምባውን እየነፋ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ሲወጣ በእንግዶች በር ለቆሙት ልጃገረዶች ባልዲ ውስጥ ይወረውረዋል፤ አሸንፎ ከሆነ እየዘፈነ፣ ተሸንፎ ከሆነ እየተሳደበ። ካርዱ ላይ የቀረውን ክለቡ ለቡድናቸው ይሰጣል። ለጰራቅሊጦስ በዓል ዴንማርክ ወደሚካሄደው ውድድር የሚሄዱትም በዚሁ ገንዘብ ነው።

እያንዳንዱ ስታዲየም የራሱ ካርድ ስላለው፣ ሞቅ ያለው እንግዳ አንዳንዴ ተሳስቶ የአገሩን ካርድ ይጥላል። እዚህ ለምንም አይሆንም። እንዲህ ያለ ካርድ ሲገኝ ልጆቹ እያሾፉ ይቀባበሉታል። ዛሬ ግን የባልዲው ግማሽ እንዲያ ሆኖ ተገኘ፤ የሚያሾፍም አልነበረም።

ከልጆቹ አንዷ ሜርለ እግሯ ስር የወደቀውን አነሳች። መርከብ የተሳለበት ሰማያዊ ካርድ ነው። የቅዳሜዎቹ እንግዶች ከደቡብ፣ ከተራራው አገር ነበር የመጡት፤ ባሕር የሚባል ነገር በአጠገባቸው የለም። ካርዱን ስታገላብጠው ከላይ በኩል ጥጉ ላይ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ አየች። ሌላም አነሳች። እሱም ጥጉ ላይ ተበስቷል።

የቀዳዳዎቹን ባለቤት ታውቀዋለች። የጓደኛዋ የፌንያ ወንድም ቶርበን ከክለቡ ጋር በሄደበት ስታዲየም ሁሉ የገዛውን ካርድ እያመጣ መኝታ ቤቱ በር ላይ በትንሽ ሚስማር ይመታው ነበር። ሜርለ ስንት ቀን ፌንያ ቤት አድራ ያንን በር እያየች ነው ያደገችው።

ፌንያ የቡድኑ በረኛ ናት፣ የሜርለ ደግሞ የልብ ጓደኛ። ቅዳሜ በእንግዶች በር የቆሙት እነሱ ሁለቱና ኤልማስ ነበሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ፌንያ «እናንተ ሂዱና ልብስ ቀይሩ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለቻቸው። ኋላ ባልዲውን ቢሮ ያደረሰችው ኤልማስ ናት፤ ቤቷ በዚያ በኩል ነው።

«እኔ ነኝ ያደረስኩት» አለች ኤልማስ። ጎንበስ ብላ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ ደግሞ ፌንያን አዩ። ፌንያ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ።

«እኔ ሰረቀች አልወጣኝም» አለች። «ግን እጇን ባልዲው ውስጥ ስትከት አይቻታለሁ። ሁለት ሦስቴ።»

«ሞልቶ እየፈሰሰ ስለነበር ወደ ታች እየተጫንኩት ነው» አለች ኤልማስ።

ከጥግ በኩል አንዷ፣ እናቷም እኮ ከጨዋታ በኋላ ትሪቡኑን ነው የምትጠርገው፣ ስንቱን ካርድ ታገኝ ይሆናል ብላ አንሾካሾከች። ሹክሹክታ ይባል እንጂ ያልሰማው አልነበረም። ሮስቪታ «በቃ» አሉ፤ ግን ሐሰት ነው አላሉም። ኤልማስ ቀና ብላ ሜርለን አየቻት። ሜርለ ካርዱን ጨብጣ ነበር፤ ጠርዙ መዳፏን ወጋት። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፣ አፏ ግን ተሳሰረ። ኤልማስ ያሰረችውን ጫማ ፈታች፣ እንደገና አሰረች፣ እንደገና ፈታች። ከዚያ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ከልምምድ በኋላ ሜርለ ፌንያን ብስክሌቶቹ ጋ አገኘቻት። ካርዱን ዘረጋችላት። ፌንያ ቀዳዳውን አይታ ለመሳቅ ሞከረች።

«አታካብጂ አቦ» አለች። «የወሰድኩት ሰው የጣለውን ካርድ ነው።»

«ለቡድኑ ነው የጣለው።»

«ሰልፍ ሰልችቶት ነው የጣለው።»

ጸደዩን ሙሉ ፌንያ በጨዋታ እረፍት ሰዓት ካርዷን ከፍ አድርጋ «ዛሬ በእኔ ነው» ስትል ልጆቹ ሁሉ ከኋላዋ ይከተሏት ነበር። ቶርበን ሞላልኝ ትላለች። ለሜርለ ቋሊማ በዳቦ፣ ለሌላዋ ኮላ፣ ለሌላዋ ድንች ጥብስ። ሜርለ በምግብ መሸጫው መስኮት ላይ ከፌንያ ጎን መቆም ደስ ይላት ነበር። ደስታዋን አሁን ስታስታውሰው አፈረች።

«ኤልማስ ላይ ለምን?» አለቻት።

«ሁሉም ሲያፈጡብኝ ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።» ፌንያ የብስክሌቷን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሞክራ አልከፈት አላት። «ደግሞ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትፈርጂብኝ? ከማንም በላይ የበላሽው አንቺ ነሽ። ቶርበን ሞላልኝ ስልሽ፣ ቶርበን እኮ አባትሽ ጋ ሊኖር ከሄደ ቆየ፣ እንዴት ሞላልሽ ብለሽ ጠይቀሽኛል?»

ሜርለ ካርዱን ወደ ኪሷ መለሰችው።

«ከገና ወዲህ አንድ ቀን እንኳን አልደወለልኝም» አለች ፌንያ። «በሩ ላይ ያሉትን ካርዶች ጥዬ ሄድኩ፣ እንደፈለግሽ አድርጊያቸው ነው ያለኝ። እንደፈለግሁ አደረግኋቸው፤ በወሰድኳቸው ምትክ ባልዲው ውስጥ ጨመርኳቸው።»

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ቶርበን ድሮ እሷን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ትሪቡኑ ላይ ሲቆም ሜርለም አይታለች። አሳዘነቻት። ማዘኗ ራሱ አናደዳት፤ ምክንያቱም ለኤልማስ ያሰበላት ሰው አልነበረም። ፌንያ እንዳትናገሪ ብላ አልለመነቻትም። እንደማትናገር እርግጠኛ ነበረች፣ ሜርለን ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ያ ነው።

በማግስቱ ሜርለ አሰልጣኝ ሮስቪታ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሦስት የተበሱ ካርዶችንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የበላችውን ቋሊማም አልደበቀችም። ሮስቪታ ካርዶቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያነሱ አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሜርለ፣ አሁን ተነስተው ወደ ኤልማስ እናት ቤት ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች።

«አርብ እንነሳለን» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ በረኛ የለኝም፤ ተጠባባቂዋ ትንሿ ልጅ እጇን ተሰብራ በጀሶ ናት። አውቶቡሱ ተከፍሎበታል፣ ማረፊያው ተከፍሎበታል። ይሄን ነገር ዛሬ ባፈነዳው ማንም የትም አይሄድም።»

«ኤልማስስ?»

«ከበዓሉ በኋላ እኔ ራሴ አነጋግራታለሁ።»

«ዝም እንበል ነው የሚሉኝ?»

«ዝም እንበል አላልኩም። እንቆይ ነው ያልኩት።» ካርዶቹን ሰብስበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና መሳቢያውን ገፉት። «አንቺ የድርሻሽን ተወጥተሻል ሜርለ። አሁን የእኔ ነው።»

ክፉ ሴት አይደሉም። ሜርለ ጉልበቷን ስትጎዳ በየሳምንቱ ሆስፒታል የወሰዷት እሳቸው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር። ሜርለ እሺም እምቢም ሳትል ወጣች፤ እሳቸውም ዝምታዋን እሺታ አድርገው ወሰዱት።

ኤልማስ ልምምድ ላይ አልመጣችም። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሜርለ ወደ ሰፈሯ ሄደች። ኤልማስ ከፎቆቹ ጀርባ «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ስር ቆማ ኳስ ከመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ጋር ታጋጫለች። አንድ ሽማግሌ ከመስኮት ሆነው ለፖሊስ እደውላለሁ ይሏታል። እሷም በየመሀሉ «እሺ አባባ» እያለች ትለጋለች።

ሜርለ ከሩቅ ጀምራ የተለማመደችውን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ተናገረች። ኤልማስ ኳሱን እግሯ ስር አቁማ አዳመጠቻት።

«አውቃለሁ» አለች። «ቀዳዳውን አላየሁም፣ አንቺን ግን አይቻለሁ። የሆነ ነገር ጨብጠሽ ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ። ጫማዬን ስፈታና ሳስር የነበረው እኮ ጊዜ ልሰጥሽ ነው።»

ሜርለ መሬት መሬቱን አየች። ኤልማስ፣ እናቷ ራሷ ስታዲየሙን ትታ ሌላ ቦታ እንዲመድቧት እንደጠየቀች ነገረቻት። ማንም ምንም አላላትም፤ እንዳይሏት ብላ ነው። አሁን ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ቢሮ ነው የምትጠርገው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ።

«የሚገርምሽ፣ እኔም ከዚያ ካርድ ድንች በልቻለሁ» አለች ኤልማስ። «ጋበዘችኝ። ጥሩ ልጅ ናት ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።»

«ለአሰልጣኟ ነግሬያቸዋለሁ። ከበዓሉ በኋላ ያነጋግሩሻል።»

ኤልማስ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው።

«ሌባ የተባልኩት በሁሉም ፊት ነው። ይቅርታው ግን በጆሮዬ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አንቺ፣ ከበዓሉ በኋላ ደግሞ እሳቸው። ልጆቹ አሁንም ሌባ እንደሆንኩ እያወሩ ዴንማርክ ይሄዳሉ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቂኝ።» ኤልማስ ኳሱን በጫማዋ ወደ ኋላ ጎተተችው። «ለእኔ ብለሽም አትቅሪ፣ ለእኔ ብለሽም አትሂጂ። እኔ ወደዚያ ቡድን አልመለስም። ግን ሌባ ሆኜ አይደለም የወጣሁት፤ እሱን ይወቁልኝ።»

ሜርለ ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት ኤልማስ ጀርባዋን ሰጥታ ኳሱን ለጋችው። ሽማግሌው እንደገና ጮኹ። ሜርለ ትንሽ ቆማ ሄደች።

አርብ ጠዋት አውቶቡሱ ከስታዲየሙ ፊት ቆሟል። ወላጆች በፕላስቲክ ሳህን ኬክ ያቀብላሉ፣ ሻንጣ ይጭናሉ፣ ስልክ አትርሺ ይላሉ። ውስጥ ጫጫታ ነው። አንዷ ሙዚቃ ከፍታለች፣ ሁለቱ በመስኮት በኩል ባለው ወንበር ተጣልተዋል። የኤልማስን ስም ያነሳ የለም። ፌንያ መሀል አካባቢ ቁጭ ብላ ከጎኗ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ሜርለ ስትገባ ቦርሳውን አነሳችላት፤ እንደ ሁልጊዜው፣ ምንም እንዳልሆነ።

ሾፌሩ ሁሉም ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ እንደማይንቀሳቀስ በማይክ ተናገረ። ቀበቶዎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ። ሜርለ ወንበሮቹ መሀል የፊተኛውን መደገፊያ ይዛ ቆመች። ከዛሬ በኋላ ከጎኗ የሚቀመጥ ላይኖር እንደሚችል ታውቃለች። በዓላችንን አበላሸሽ ይሏታል፣ እውነታቸውንም ነው። ፌንያም በዚህ ምድር ላይ ካሏት ጥቂት ሰዎች አንዷን ዛሬ ታጣለች። ሜርለ ይህን ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር የተሳፈረችው።

ፌንያ ገባት። ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ፣ ራሷንም በእምቢታ ነቀነቀች። ሜርለ ዓይኗን አልሸሸቻትም።

ሮስቪታ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። «ሜርለ፣ ተቀመጪ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተነጋግረን አልነበር?» አሏት።

ልጆቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ሙዚቃ የከፈተችውም አጠፋችው።

«ተቀመጪ እንጂ» አሉ ሮስቪታ።

«ስለ ኤልማስ ተናግሬ ስጨርስ እቀመጣለሁ» አለች ሜርለ። ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና ሞተሩን አጠፋ።