የባዕድ ወንዝ ውሃ

ሳልሞን የተባለው ዓሣ ዓመታት በባሕር ኖሮ እንቁላሉን ሊጥል ሲመለስ፣ የተፈለፈለበትን ወንዝ የሚለየው በውሃው ሽታ ነው። ቺዙሩ በጃፓን ሆካይዶ ደሴት በሚገኘው የምርምር ጣቢያችን የምታጠናው ይህንኑ ነበር። በማደንዘዣ የተኛ ሳልሞን አፍንጫ ላይ የወንዝ ውሃ ታንጠባጥባለች፤ ሽታ የሚቀበለው የአንጎሉ ክፍል ሞገድ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። የትውልድ ወንዙ ከሆነ ሞገዱ ከፍ ይላል፤ የባዕድ ወንዝ ከሆነ ግን ግድ አይሰጠውም።

ውሃውን አብሯት የሚቀዳው ኮሄይ ነው። ኮሄይ ስለ ዓሣ ከጠየቁት ማቆሚያ የለውም፤ ስለ ራሱ ከጠየቁት ጃኬቱን ማስተካከል ይጀምራል። ቺዙሩን እንደሚወዳት ከእሷ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ ሞገዱ ለባዕዱ ወንዝ ውሃም ከፍ አለ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ። ፕሮፌሰር ኢዋሳኪ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምክንያቱ ካልተገኘ ጥናቱን እንዘጋዋለን። አንቺም ወደ ኦሳካ ትመለሻለሽ» አሏት።

ቺዙሩ ጠርሙሱን ይዛ ወደ ኮሄይ ሄደች።

«ይኼን ማን ቀዳው?»

«እኔ።»

«በጓንት?»

ኮሄይ ጃኬቱን አስተካከለ።

«ኮሄይ፣ እየጠየቅኩህ እኮ ነው።»

«ያን ቀን ጓንትሽን ድንጋይ ቀደደው። የኔን ሰጠሁሽ።»

«ትርፍ አለኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ባልልሽ ትቀበይኝ ነበር? ጠርሙሱን ባንገቱ ስለያዝኩት ምንም አይሆንም ብዬ ነው።»

የሰው እጅ ሽታ ሳልሞንን እንደሚያስደነግጥ ሁለቱም ያውቃሉ። የዓሣው አንጎል የነቃው ለወንዙ ሳይሆን ለኮሄይ ጣቶች ነበር።

ልትቆጣው ፈለገች። ግን ያን ቀን እጇ ሳይበርዳት መመለሷ ትዝ አላት።

«በርዶህ ነበር?»

«ትንሽ።»

ኦሳካን ባሰበች ቁጥር የሚከፋት ለጥናቱ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባት።

«ቦቲህን አጥልቅ» አለችው። «እንደገና እንቀዳለን።»

አዲስ ጓንት ከከተማ እስኪመጣ ጣቢያው ውስጥ የቀረው አንድ ጥንድ ነው። ግራውን እሷ፣ ቀኙን እሱ አጠለቁና ወንዙ ዳር ጎን ለጎን ቆሙ። እሷ ጠርሙሱን፣ እሱ ክዳኑን ያዙ።

«ባዶ እጄንስ የት ላድርገው?» አለ ኮሄይ።

«አምጣው።»

ያዘችውና ከራሷ እጅ ጋር ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ሞገዱ ለባዕዱ ውሃ ከፍ አላለም። ፕሮፌሰሩ ምን እንደቀየረች ሲጠይቋት፣ «አቀዳዳችንን» አለች።

አዲሱ ጓንት በዚያው ሳምንት መጣ። ሳልሞኖቹ ከባሕር ወደ ወንዙ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ ማሸጊያውን የከፈተው ሰው የለም።