ሁለተኛውን መንጠቆ የያዘው

ወላሂ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። ቀጣፊ መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ዛሬን ግን እመኑኝ።

ጣሊያን ባሕር ዳርን የያዘ ጊዜ ነው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

የአባቴ አክስት ሀጂራ ሐይቁ ዳር ባለች የደንገል ጎጆ ውስጥ ተቀምጣለች። ባሏ አደም ፊቷ ተጋድሟል። ጭኑ ውስጥ የጣሊያን ጥይት አለ። ዛሬ ካልወጣ ሰውየው አይተርፍም።

ቁስለኛውን ጭና ከደልጊ በታንኳ ስትቀዝፍ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም።

ወጌሻው ሸህ ቡርሀን ከጣሊያኖች የሐኪም ድንኳን በዘዴ የወጡ ሁለት መንጠቆዎች አሏቸው። ሥጋውን ወደ ላይ አንስተው፣ ለይተው፣ ቁስሉን ከፍተው የሚይዙ። ዓይናቸው ፈዟል፤ በዳሰሳ ነው የሚሠሩ።

"አንዱን እኔ፣ አንዱን አንች። ልቀቂ ሳልልሽ እንዳትለቂ። ከለቀቅሽው ደም ሥሩን እበጥሰዋለሁ፤ ያን ጊዜ አበቃለት።"

"እሽ አባቴ።"

አደም ጠፍር እንደነከሰ ራሱን ሳተ።

ሀጂራ ያዘች... ያዘች... ክንዷ ዛለ።

"ጎሽ ልጄ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ።"

ዝንቡ ጥዝ ይላል። ውሃው ዳሩን ይልሳል። ዓይኗ ክድን አለ...

"ጎሽ! አሁንስ ጸናሽ።"

ባነነች።

እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

ሁለቱም።

መንጠቆው ግን አልወደቀም። ሥጋውን እንዳነሳ ቀጥ ብሏል።

ልትጮህ አፏን ከፈተች። ብትጮህ የሽማግሌው እጅ ይስታል።

ጩኸቷን ዋጠችው።

ጥይቱ ጣሳው ውስጥ ቃ! አለ።

"በቃ ሀጂራ፣ ልቀቂ።"

መንጠቆው ንቅንቅ አላለም።

"ልቀቂ እንጅ! ተኛሽ እንዴ?"

"እኔ... አልያዝሁም" አለች በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ከጎኗ ወዳለው ባዶ ቦታ ቀስ ብለው ዞሩ።

"እርስዎም ደከመዎ። ይልቀቁ።"

መንጠቆው ዝቅ አለ። መሬት ላይ በቀስታ ተጋደመ።

ከሀጂራ ጎን ደግሞ፣ ሰው ተቀምጦበት እንደሚነሳ ሁሉ፣ የጎደጎደው የደንገል ምንጣፍ ቀስ እያለ ቀና አለ...

አደም ተረፈ። ሰባት ልጅ ወለደ።

አንዲት ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ልመን። የሸህ ቡርሀን ዓይን ፈዟል ያልኋችሁ ውሸቴን ነው።

ሰውየው እስኪሞቱ ድረስ መርፌ ላይ ክር ያስገቡ ነበር። ያን ቀንም መንጠቆው ላይ እጅ አይተዋል፤ የሀጂራ መስሏቸው።