የጥንዚዛዋ ሁለተኛ አንቴና

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሰፈር ውስጥ "የሞተ ሰው አየሁ" ብሎ የሚያወራ ሲገኝ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ የተኮራረፍኳቸው ሰዎች አሉ፣ ስለዚህ ይህን ሳወራችሁ እያፈርኩ ነው።

እህቴ ሀያት ሸጎሌ ባለው ቤታችን፣ ጓሮ ባለችው ክፍል፣ ጥቃቅን ነፍሳትን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ታነሳ ነበር። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ስራ ስላልነበረኝ አጠገቧ ተቀምጬ ለመድኩት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥርት የሚለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ የጥንዚዛ ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ የማይክሮስኮፑን ማዞሪያ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ብዙ ፎቶ ያነሱና ኮምፒውተሩ የጠራ የጠራውን መርጦ አንድ ያደርገዋል። መሀል ላይ የሆነ ነገር ከተነቃነቀ ግን ጥንዚዛዋ መንታ እግር ታወጣለች። የሚያነቃንቀው ደግሞ ሁሌም እኔ ነኝ፣ እግሬ አርፎ አያውቅም። ሀያት ዞር ሳትል ጠረጴዛውን በጥፍሯ ጠቅ ጠቅ ታደርግና፣ "አንቺ፣ ወፍጮ ቤት ሆንሽብኝ እኮ!" ትለኛለች።

ሀያት ከረመዳን በፊት ሞተችብን። እንጦጦ ከባህር ዛፍ ላይ ያገኘቻት፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥንዚዛ፣ ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ እንደተጣበቀች ቀረች። እማዬ "የእሷን ፎቶ ጨርሺልኝ፣ ግድግዳ ላይ ልስቀላት" አለችኝ።

ከብት የጫኑ መኪኖች መንገዱን ማናወጥ ሳይጀምሩ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። መብራቱ እንዳያንጸባርቅ በስስ ወረቀት ሸፈንኩት፣ ማዞሪያውንም ከወትሮው እያሳነስኩ ማንሳት ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ፣ ጠቅ ጠቅ። በጥፍር። እግሬ ቀጥ አለ፣ ለካ እያንቀጠቀጥኩት ነበር። ቆርቆሮው ነው አልኩ፣ ሲነጋ ይንጣጣል፣ በቃ። ግን እመኑኝ፣ ድምፁ የመጣው ከጠረጴዛው ነው፣ እሷ ከምትቀመጥበት በኩል።

ፎቶው ሲዋሃድ ጥንዚዛዋ በአንዱ አንቴናዋ ላይ መንታ አወጣች። የእግሬ ስራ ነው ብዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ጠረጴዛው ቢሆን ሁለመናዋ ይነቃነቅ ነበር አይደል? እግሯም ወረቀቱም ንቅንቅ አላሉም። አንቴናዋ ብቻ፣ ከሞተች ወራት ያለፋት፣ ቢነኳት የምትሰበር ደረቅ ጥንዚዛ፣ ድምፁን ከሰማሁበት ፎቶ ጀምሮ አንቴናዋ ቀስ እያለ ወደ ሀያት ወንበር ጠመም ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል።

"ጨረስሽ?" አለች እማዬ ከውጭ።

"መንታ አወጣች።"

"እግርሽ ነዋ! ሀያት ብትኖር እንዲህ ያለ ታሳየኝ ነበር?"

እውነቷን ነው። ሀያት እንዲህ ሲሆን የተበላሹትን ፎቶዎች ትጥልና የቀሩትን እንደገና ታዋህዳለች። እኔ ግን እነሱን ከጣልኩ መምጣቷን የሚመሰክርልኝ ምንም አይቀረኝም። ጣቴ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ አጠፋኋቸው፣ እሷ ያንን ነበር የምታደርገው።

ፎቶዋ አሁን ግድግዳ ላይ ናት፣ ጥርት ያለች፣ አንድ እንከን የላትም፣ እማዬ አፏን ከፍታ ታያታለች።

እኔ ግን ጎህ ሲቀድ ጠረጴዛው ጋ እየተቀመጥኩ ሆን ብዬ እግሬን አንቀጠቅጣለሁ። ጠረጴዛውን ጠቅ ጠቅ የሚያደርግልኝ የለም። ትናንት ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ አሁንም ማይክሮስኮፑ ስር ያለችውን ጥንዚዛ አየት አደረግኳት። አንቴናዋ ወደ ሀያት ወንበር ዞሯል፣ እኔ የማልሰማውን እየሰማች ይመስል።